የማኅበሩ የክረምት ጎማ

(ደብረ ሲና፣ በሐምሌ፣ ሲዘንብ ያደረው አባርቶ ጭጋጉ ገና ያልተነሣበት ማለዳ፤ በአዛውንቱ የአባዱላ ሹፌር በመንበሩ ግቢ፣ በተቆለፈ የቆርቆሮ መጋዘን ደጃፍ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣችው ይታይሽ የሟች ጓደኛው ሚስት ስትሆን፣ አንድያ ልጇን ቢያድግልኝን ክርስትና ያነሣላት መንበሩ ነው።)

ይታይሽ፦ አይሆንም አልኩ እኮ፣ አበልጅ! «ቁጭ በይ፣ ሻይ ላፍላልሽ፣ አረፍ በይ» ይሉኛል፤ ሻይ ፍለጋ አልመጣሁም። ቁልፉን ያውጡልኝና ጎማዬን ልውሰድ።

መንበሩ፦ ጎማዬን? ከመቼ ወዲህ ነው ያንቺ የሆነው? የማኅበሩ ነው እንጂ።

ይታይሽ፦ ማኅበሩስ ማን ነው? እርስዎ፣ ሁሴን ይማምና የኔ ሟች። ሙሉዓለም ቢሞት ድርሻው አብሮት አልተቀበረም። ሦስታችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ አራቱን ጥርሳም ጎማ ስትገዙ፣ «ክረምት ሲመጣ ወደ ገደሉ የሚወርድ ይግጠመው፣ አስፋልት ላይ የሚውል ይተውለት» ብላችሁ የተማማላችሁት እኔ ቤት ነው። ጠላውን የቀዳሁት እኔ ነኝ።

መንበሩ፦ እሱስ ግሩም ጠላ ነበር።

ይታይሽ፦ ጠላውን ይተዉት! ዛሬ ወደ ገደሉ የሚወርደው ቢያድግልኝ ነው። ተራው የልጄ ነው። አለቀ።

መንበሩ፦ ማን ውረድ አለው?

ይታይሽ፦ እኔ ነኛ! የባልንጀራዬ የእልፍነሽ እናት እታች ቆላ አርፈዋል። መርዶው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የመጣው። ቆላ ደግሞ ሬሳ አያሳድርም፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እልፍነሽን ከነዘመዶቿ አደርስሻለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። አሥራ አራት ሰው መናኸሪያ ቆሞ እያለቀሰ ነው፤ እርስዎ እዚህ የቁልፍ ዘበኛ ሆነው ይገትሩኛል።

መንበሩ፦ ነፍስ ይማር። ደግ ሴት ነበሩ። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ አንድ እንቅብ ሎሚ…

ይታይሽ፦ አበልጅ!

መንበሩ፦ እሺ፣ እሺ። ግን እኮ ጎማው አልተነፋም። ብዙ የተቀመጠ ጎማ ብድግ ተደርጎ አይገጠምም። ጎማ እንደ ሰው ነው፤ ያለ ሥራ ከተኛ ይጎብጣል። መጀመሪያ ይነፋል፣ ያድራል፣ ሲነጋ ይታያል፤ ያፈሰሰ እንደሆነ…

ይታይሽ፦ ጎሚስታው እኮ ጎረቤትዎ ነው። ከዚህ ጠጠር ቢወረውሩ ኮምፕሬሰሩን ይመቱታል። አሁን አስነፋዋለሁ።

መንበሩ፦ ለጭቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይነፋም። ላላ ማለት አለበት፣ መሬቱን እንዲቆነጥጥ። ብዙ የነፉት እንደሆነ እንደ ኳስ ይንሸራተታል።

ይታይሽ፦ ለኔ ነው ጎማ የሚያስተምሩት? ይህን ሁሉ ዘመን ከሹፌር ጋር ኖሬ? ፀሐይ እንዳያደርቀው ጆንያ የማለብሰው፣ ናፍጣ እንዳይነካው የማርቀው ማን ነበር? ሟቹ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ሲያዛውር፣ ክሪኩን ተንበርክኬ የምይዝለት እኔ አይደለሁም?

መንበሩ፦ እውነትሽን ነው። ሙሉዓለም «ሚስቴ ከኔ ይልቅ ጎማውን ነው የምታሻሸው» እያለ ያስቀን ነበር።

ይታይሽ፦ አያስቁኝ፣ ለቅሶ ላይ ነኝ። ቁልፉን!

መንበሩ፦ መንገዱስ? ሲዘንብ ያደረውን አልሰማሽም? የዋርካው መታጠፊያ ዛሬ መንገድ አይደለም፣ ሳሙና ነው።

ይታይሽ፦ ጎማው ለዚሁ አይደል የተገዛው? በበጋማ አህያም ይወርደዋል። ጃንጥላ ገዝቶ ዝናብ ሲመጣ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው እርስዎን አየሁ!

መንበሩ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?

ይታይሽ፦ የዘገየችስ? ቀብር አመለጣት!

መንበሩ፦ ምላስሽ! እንደው ይሄ ምላስ… ሁሴንስ? ሁሴን ጎማውን ዛሬ የሚፈልገው ቢሆንስ?

ይታይሽ፦ ሁሴን አዲስ አበባ ገብቷል፤ በስልክ አናግሬው ነው የመጣሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከሰጡሽ ውሰጂው። እኔንም ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አንድ ጊዜ ቁልፍ ጠፋ፣ አንድ ጊዜ ጎሚስታው ታመመ፣ አንድ ጊዜ መንገዱ አልደረቀም እያሉ ይመልሱኛል» ነው ያለኝ። አሁን ይንገሩኝ፤ ይሄ ጎማ ታቦት ነው? በዓመት አንዴ ነው የሚወጣው?

መንበሩ፦ አፍሽን ያዢ! በታቦት አይቀለድም።

ይታይሽ፦ የምቀልድ እመስላለሁ? እስቲ ይፍረዱ። ሙሉዓለም በሕይወት እያለ ጎማው የሚቀመጠው እኛ ግቢ ነበር። እሱ ሲሞት፣ «ሴት ብቻዋን ናት፣ ሌባ ይደፍራታል» ብለው ወደዚህ አመጡት። እሺ አልኩ፣ አበልጅ ናቸው አልኩ። ይኸው ሌባ የማይደፍረው ግቢ ገባና መውጫ አጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ የአባቱ ጎማ ተቆልፎበት ልጄ በላጣ ጎማ ይሽከረከራል።

መንበሩ፦ ባልሽ ስለሞተ ንቄሽ ነው እያልሽኝ ነው?

ይታይሽ፦ እኔ አላልኩም። የሚለው ሌላው ነው። እኔማ እንዲያውም ለልብስ አጠባ ወንዝ ወርደን የሁሴን ሚስት «መንበሩ ጎማውን ለብቻው ሊያደርገው ነው» ብትል፣ «ምላስሽን ሰብስቢ!» ብዬ ነው የተጣላኋት።

መንበሩ፦ ተጣላሽልኝ?

ይታይሽ፦ ታዲያስ! ውለታ አልረሳም። በመጋቢት ያ የሐሞት ጠጠር ሲያጣድፈኝ፣ ለኦፕራሲዮኑ ማኅበሩ ባይደርስልኝ ዛሬ አፈር ነበርኩ። ልጄ «ወጪውን ማኅበሩ ነው የሸፈነው፣ ያስተባበሩትም ጋሼ መንበሩ ናቸው» ሲለኝ፣ እንደዳንኩ መጥቼ እግርዎን ልስም ነበር ያሰብኩት።

መንበሩ፦ ተይው እሱን።

ይታይሽ፦ ለምን እተወዋለሁ? ደግሞ ላመሰግንዎት በጀመርኩ ቁጥር ይሸሹኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ…

መንበሩ፦ ተይው አልኩሽ እኮ!

ይታይሽ፦ ምነው? ምን አስቆጣዎት?

መንበሩ፦ አልተቆጣሁም። ልጁ ራሱ ምን አለ? እወርዳለሁ አለ?

ይታይሽ፦ እሱማ ሲገላበጥ ነው ያደረው። «እማዬ፣ ሌላ መኪና ፈልጊላቸው፣ እኔ አልወርድም» አለኝ። ለምን ስለው መሬት መሬት ያያል። ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? የኪራይ መኪና በሐምሌ ያን ገደል አይሞክረውም። «ጎማው የማኅበሩ አይደል፣ ሄጄ አመጣልሃለሁ» ስለው ደግሞ፣ «ተይ፣ ጋሼ አይሰጡሽም» አለኝ። ይዩልኝ! እርስዎ እንደማይሰጡኝ ልጁ እንኳ አውቆታል።

መንበሩ፦ አልወርድም ካለማ ልትሰሚው ይገባ ነበር።

ይታይሽ፦ ልብ ስለሌለው ነዋ!

መንበሩ፦ ልብማ አለው። ከሚገባው በላይ አለው።

ይታይሽ፦ ምን ማለትዎ ነው?

መንበሩ፦ ምንም። ብቻ ልጅ አልችልም ሲል ምክንያት ይኖረዋል ለማለት ነው። የኔ መኪና ደህና ቢሆን… ይኸው ካምቢዮው ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ደህናም ቢሆን ግን ዛሬ አልወርድም ነበር።

ይታይሽ፦ በጥርሳም ጎማ? እርስዎ? ያን ገደል ዓይንዎን ጨፍነው ይወርዱት የነበሩት?

መንበሩ፦ አርጅቻለሁ በይው።

ይታይሽ፦ ይበሉት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ። ጎማውን ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ልጄ ይወርዳል። መኪናው ላይ ባለው ጎማ ይወርዳል።

መንበሩ፦ መኪናው ላይ ባለው? እሱ ጎማ ነው? እንደኔ ራስ እኮ ነው የተመለጠው! ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለሱ ነው። አስፋልት ላይ እንኳ ካፊያ ሲጀምር ዳር ይዘህ ቁም ብዬዋለሁ።

ይታይሽ፦ አዩ? ያውቃሉ! እያወቁ ነው የሚከለክሉኝ። ልጄ ገደል ቢገባ ደሙ በማን እጅ ነው? በክርስትና አባቱ!

መንበሩ፦ ይታይሽ፣ ነገሩ እንደምታስቢው…

ይታይሽ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቁልፉ የታለ? አንገትዎ ላይ ነው፣ ከማተብዎ ጋር! የጎማ ቁልፍ ከማተብ ጋር ይታሰራል? ያምጡት ወዲህ!

መንበሩ፦ አንቺ ሴት፣ እጅሽን! ማተቤን ልትበጥሺው ነው!

ይታይሽ፦ ማተብ ያለው ሰው የሙት ልጅ ድርሻ አይቆልፍም! ይኸው፣ ወጣ።

መንበሩ፦ አትክፈቺው። በሙሉዓለም ሞት አትክፈቺው።

ይታይሽ፦ በሱ አይለምኑኝ! ይኸው ተከፈተ። ኧረ እንዴት አድርገው ነው ያስቀመጡት? ጣውላ ላይ ከፍ አድርገው፣ በጆንያ ሸፍነው፣ ውሃ አልነካው፣ ፀሐይ አላየው። አያያዙንስ አውቀውበታል። ደግሞ ጥቁረቱ! ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው።

መንበሩ፦ በቃ አየሽው፤ ውጪ።

ይታይሽ፦ ቆይ… ይሄ ጥርስ እጄን ቧጠጠኝ። ጠርዙ ምላጭ ነው። አንዱ ቦይ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ይሄ ደግሞ ጭራሽ ተጣሟል። እጄም ጠቆረ፤ ቀለም ነው እንዴ? አበልጅ፣ ከሥሩ ክሩ ይታያል! በጥፍሬ ነካሁት። ይሄ እኮ ላጣ ጎማ ነው። በጋለ ቢላ ጥርስ ተቀርጾለት ጥቁር ቀለም የተቀባ ላጣ ጎማ ነው!

መንበሩ፦ አዎ።

ይታይሽ፦ ሙሉዓለም እያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ በነጭ ቀለም «ማ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ «ማኅበር» ለማለት። የታለ? ይሄኛው ላይ የለም፣ ያኛውም ላይ የለም። የኛ ጎማ የታለ?

መንበሩ፦ ተሸጠ።

ይታይሽ፦ ማን ሸጠው?

መንበሩ፦ ቁልፉን ማን አንገት ላይ አገኘሽው?

ይታይሽ፦ እርስዎ?

መንበሩ፦ እንደዚያ በይው።

ይታይሽ፦ ወይኔ! ወይኔ ሙሉዓለም! ሊሞት ሲል «ከመንበሩ አትራቂ» ነበር እኮ ያለኝ! ይሄ ሽበትዎ አያሳፍርዎትም? የሁሴን ሚስት ምን በደለች ታዲያ!

መንበሩ፦ ያሳፍራል። ስደቢኝ። ሰድበሽ ስትጨርሺ ግን ቶሎ ሂጂና መኪናውን አስቁሚልኝ።

ይታይሽ፦ ለምን አስቆመዋለሁ? የሌባ ጎማ ቀርቶበት በራሱ ጎማ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የድኾች አምላክ ይጠብቀዋል። ማታ ሁሴን ሲገባ ደግሞ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ እርስዎን ከማኅበርም ከዕድርም ካላስወጣሁ ይታይሽ አይደለሁም! ስልኬ የታለ? ይነሣ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

መንበሩ፦ አትደውዪ!

ይታይሽ፦ እጄን ይልቀቁ!

መንበሩ፦ አትደውዪ አልኩሽ! ልጁ ነው! እኔ አይደለሁም፣ ልጁ ነው የሸጠው! ኤዲያ… መሐላዬን አስበላሽኝ። እስከ መስከረም ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር።

ይታይሽ፦ የትኛው ልጅ?

መንበሩ፦ ስንት ልጅ አለሽ?

ይታይሽ፦ ውሸት ነው! የአባቱን ካፖርት እንኳ ለሰው አልሰጥም ብሎ በብል ያስበላ ልጅ፣ የአባቱን ጎማ ሊሸጥ? ሲይዙዎት ጊዜ በሙት ልጅ ያላክካሉ?

መንበሩ፦ ስሚኝ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ገጥሜው የወረድኩት እኔ ነኝ። ዋርካው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ብይዝ፣ መኪናው እኔን የማያውቀኝ ይመስል ለብቻው ሄደ። ገደሉ አፍ ላይ አንድ ቋጥኝ ባይመልሰኝ፣ ዛሬ የምትጨቃጨቂው ከመቃብሬ ጋር ነበር። ወርጄ ጎማውን ዳበስኩ፤ አንቺ አሁን እንደዳበስሽው። እንደምንም ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። «ይሄን ማን አስቀረጸ?» ስለው፣ «የክርስትና ልጅዎ ነዋ፤ በመጋቢት እርስዎ ልከውት የለም እንዴ?» አለኝ።

ይታይሽ፦ ጎሚስታ ይዋሻል።

መንበሩ፦ ጎሚስታ ይዋሻል። ቢያድግልኝ ግን አልዋሸኝም። ምን እንዳወቅሁ ከፊቴ ነው ያነበበው። እግሬ ላይ ተደፋ። «ጋሼ፣ ሠርቼ እስከ መስከረም እተካዋለሁ፤ ለእማዬ ብቻ አይንገሩብኝ» ብሎ በሥላሴ አስማለኝ። እኔም ክረምቱ እስኪያልፍ ከአስፋልት እንዳይወርድ አስማልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ቁልፉ አንገቴ ላይ የታሰረው፤ ሁሴን ሳያውቅ ገጥሞት እንዳያልቅብኝ።

ይታይሽ፦ ምን ነክቶት ነው? ቁማር ነው? ያ የኳስ ውርርድ የሚሉት ነው? ወይስ ሴት ናት? አይደብቁኝ!

መንበሩ፦ ሴት ናት።

ይታይሽ፦ አውቄ ነበር! የማን ልጅ ናት?

መንበሩ፦ የአያ ቸርነት።

ይታይሽ፦ የትኛው ቸርነት? በዚህ ከተማ ከአባቴ ሌላ ቸርነት የሚባል…

መንበሩ፦ የለም።

ይታይሽ፦ እኔ?

መንበሩ፦ አንቺ። ያን ጊዜ አንቺ መሬት እየቧጠጥሽ ትጮኺ ነበር። ሐኪሙ «ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም» ብሎታል። ልጁ ምን ይሽጥ? መኪናው በስምሽ ነው። «ማኅበሩ ረዳኝ» ትያለሽ፤ ማኅበሩ ምን አለው? ማኅበሩ እኮ ሦስት አሮጌ አባዱላና አራት ጎማ ነው። ለኔ ቢነግረኝ ተሯሩጬ ለምኜም አመጣለት ነበር፤ ጨነቀው መሰለኝ፣ አልነገረኝም። «ጎማውን ላናፍሰው» ብሎኝ ሲያወጣው እንኳ አብሬ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ተቀመጪ። እዚች ቸርኬ ላይ ተቀመጪ። ፊትሽ አመድ መስሏል።

ይታይሽ፦ ልሙት እኮ ነበር፣ ምን ነበረበት? ስንት ሰው ይሞት የለም? ለምን አልነገረኝም?

መንበሩ፦ ቢነግርሽ ዝም ብለሽ ትተኚ ነበር? ስፌትሽ ሳይደርቅ ተነሥተሽ ጎማ ፍለጋ ትዞሪ ነበር።

ይታይሽ፦ ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት። አበልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? «ፈሪ» አልኩት። «አባትህ በሕይወት ኖሮ ቢያይህ ያፍርብህ ነበር» አልኩት። የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ወይኔ ልጄን! ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ!

መንበሩ፦ አላወቅሽም፤ ምን ታደርጊ።

ይታይሽ፦ እርስዎስ ሰው ሲያማዎት ዝም ይላሉ? እኔ እኮ ከሁሴን ሚስት ጋር አልተጣላሁም። ውሸቴን ነው። አብሬያት ነው ያማሁዎት።

መንበሩ፦ አውቃለሁ።

ይታይሽ፦ በምን አወቁ?

መንበሩ፦ የሁሴን ሚስት ነገር ያድርባታል? ያንኑ ዕለት መጥታ «ይታይሽም እንዲህ ብላዎታለች» ብላ፣ ከላይ በርበሬ ጨምራ አቀረበችልኝ።

ይታይሽ፦ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መንበሩ፦ መሬቷ ዛሬ ሌላ ሰው እንዳትውጥ ነው የምፈራው። አሁን ይሄን ሁሉ ተይውና ልጁን ድረሺለት። አንቺ ውረድ ካልሽው ይወርዳል። አይዋሽሽም፣ እውነቱንም አይነግርሽም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ደውዪና «ካምቢዮ ተሰበረ ብለህ ሰዎቹን አውርድ» በዪው። የኔው ስለተፈታ ያምናሉ።

ይታይሽ፦ እልፍነሽስ?

መንበሩ፦ በእግር ይነሡ።

ይታይሽ፦ በእግር ሲመሽ ነው የሚደርሱት! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው እያልኩዎት።

መንበሩ፦ ያመለጠ ቀብር በሰልስቱ ይካሳል። ገደል የገባ መኪና በምን ይካሳል?

ይታይሽ፦ የእናት ቀብር አይካስም፤ እንደ ልጅ አያባብሉኝ! ሆስፒታል ስተኛ ራስጌዬ ወንበር ላይ ያደረችው እልፍነሽ ናት። ሽንቴን ያመላለሰችው እልፍነሽ ናት። ትናንት መርዶውን እንደሰማች ወንድሞቿ በእግራቸው ተነሡ፤ «ነዪ፣ አብረን ሌሊቱን እንጓዝ» ቢሏት፣ «ይታይሽ መኪና አለችልኝ» ብላ ቀረች። የኔን ቃል አምና ነው የቀረችው፣ አበልጅ! ዝም ብላት ኖሮ አሁን እናቷ ራስጌ ነበረች።

መንበሩ፦ እግዚኦ።

ይታይሽ፦ አሁን ምን እንደመጣብኝ ልንገርዎት? እግዜር ይቅር ይበለኝ… «ይውረድ» የሚል ነው የመጣብኝ። እውነቱን ከሰማሁ በኋላ እንኳ! ቀስ ካለ ማርያም ታውቃለች፣ እልፍነሽ ፊት ባዶ እጄን ከምቆም…

መንበሩ፦ እኔም በሰኔ ቀስ ብዬ ነበር። አህያ ነበር የቀደመችኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። አሥራ አራት ሰው ብለሽኛል። ልጅሽ ሲጨመር አሥራ አምስት። አንድ ቀብር አያምልጥ ተብሎ አሥራ አምስት ቀብር ይደገስ?

ይታይሽ፦ ይኸው፣ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ሰዎቹ ቸኩለውበታል።

መንበሩ፦ አንሺው። ካምቢዮ በዪ፤ እኔ እመሰክርልሻለሁ።

ይታይሽ፦ ነገ ያው መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ አያዩትም? «ልጁ ፈርቶ፣ እናቱ ዋሽታለት እልፍነሽን እናቷን ሳትቀብር አስቀሯት» ይባላል። ዕድሜ ልኩን «ፈሪው» ተብሎ ሊቀር ነው።

መንበሩ፦ እንግዲያው በኔ አድርጊው። «መንበሩ ጎማውን ሸጦብን ነው» በዪያቸው። የኔ ስም እንደሆነ እዚያ ወንዝ ላይ ከሰኔ ጀምሮ ሲታጠብ ነው የከረመው፤ ለምጄዋለሁ። ልጁ ግን ገና ነው። ሹፌር አንድ ጊዜ «ሌባ» ከተባለ ማን ዕቃውን ያስጭነዋል? በኔ አድርጊው፣ ግዴለሽም።

ይታይሽ፦ እሱም ልብ አለው፣ እርስዎም ልብ አለዎት። እኔ ብቻ ነኝ ምላስ የያዝኩት።

መንበሩ፦ ይታይሽ፣ ስልኩ ሊዘጋ ነው!

ይታይሽ፦ ሃሎ… ቢያዬ፣ ሞተሩን አጥፋው። አጥፋው አልኩህ እኮ። አዎ፣ እሳቸው ጋ ነኝ… አዎ፣ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ዳብሼዋለሁ። አይ፣ አታልቅስ፤ የኔ ጌታ፣ ሰው ፊት አታልቅስ። አንተ አንዲት ቃል እንዳትናገር። ስልኩን ለእልፍነሽ ስጣት።

መንበሩ፦ ምን ልትያት ነው? በኔ አድርጊው ብዬሻለሁ!

ይታይሽ፦ እልፌ… እህቴ፣ ሰዎቹን ይዘሽ ከመኪናው ውረጂ። መኪናው አይሄድም። ልጄ ፈርቶ አይደለም፤ አበልጅም አልከለከሉኝም። እናትሽን እንዳትቀብሪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ፤ ጎማውን የበላሁት እኔ ነኝ።